የሉንግ ኬን፦ የጥገናና የትምህርት ማስታወሻ

ጥቅምት አጋማሽ

ኬኑ፣ በአፍ የሚነፋው የላኦዎች የቀርከሃ መሣሪያ፣ በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ተጋድሟል። 16 ቀጫጭን የቀርከሃ ቱቦዎች ስምንት ስምንት ሆነው በሁለት ረድፍ ተሰልፈዋል፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር ያህል ነው። ቱቦዎቹ ታኦ በሚባል፣ ከጠንካራ እንጨት ተፈልፍሎ በተሠራ ክፍል ውስጥ ያልፋሉ። ተጫዋቹ ታኦውን በሁለት መዳፉ አቅፎ በጫፉ ባለው ቀዳዳ ይተነፍሳል። በእያንዳንዱ ቱቦ ጎን፣ ታኦው በሚሸፍነው ቦታ፣ አንዲት ስስ የብረት ምላስ ተተክላለች። የጣት ቀዳዳው ክፍት እስከሆነ ድረስ ቱቦው ዝም ይላል፤ ጣት ሲያርፍበት ይናገራል። ሁለት ቀዳዳ ሲደፈን ሁለት ድምፅ፣ አራት ሲደፈን አራት ድምፅ በአንድ ጊዜ ይወጣል። በዋሽንት ለሠለጠነ ጣት ይህ ፍጹም አዲስ ሥርዓት ነው።

የኬኑ ባለቤት ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ ላኦ አዛውንት ናቸው። የተወለዱት በሜኮንግ ዳር ባለችው በተካክ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1975 በኋላ ላኦስን ለቀው ከወጡት እጅግ ብዙ ሰዎች አንዱ ሲሆኑ ኑሯቸውን የመሠረቱት እዚሁ ሚኒሶታ ነው። የሠፈሩ ላኦ ወጣቶች በአክብሮት «ሉንግ»፣ አጎት፣ ብለው ይጠሯቸዋል፤ እኔም እንዲሁ። አኮርዲዮን እንደምጠግን ስለሚያውቁ ኬናቸውን ይዘው መጡና «ይህን የሚሠራ ሰው ያለው ከውቅያኖስ ማዶ ነው። አንተ ምላሱን ታውቃለህ፣ እኔ ድምፁን አውቃለሁ» አሉኝ። ስለዚህ ሥራው የሁለታችን ነው። ክፍያው ትምህርት ነው፤ ኬኑ ከዳነ በኋላ ያስተምሩኛል።

የዛሬው ሥራ መመርመር ብቻ ነበር። እያንዳንዱን ቀዳዳ ለብቻው እየደፈንኩ ወደ ውጭም ወደ ውስጥም ተነፈስኩ። ሦስት ቱቦዎች ጨርሶ አይናገሩም። አራተኛው የሚናገረው አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ብቻ ነው። ቱቦዎቹን ከታኦው ጋር የሚያያይዘው ጥቁር ሰም ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የሻማ ነበልባል በዙሪያው ሳዞርና ስነፋ ነበልባሉ በሦስት ቦታ ይወዛወዛል። አየሩ በዚያ እያመለጠ ነው። የሚኒሶታ ክረምት ለቀርከሃ ምሕረት የለውም፤ የቤት ማሞቂያው አየሩን አጥንት ድረስ ያደርቀዋል።

ጥቅምት መጨረሻ

ሰሙን ከመንካቴ በፊት የአኮርዲዮን ምላስና የኬን ምላስ በአጉሊ መነጽር ጎን ለጎን ማየት ፈለግሁ። ሉንግ በመሳቢያቸው ያስቀመጡት አንድ አሮጌ ቱቦ ስለነበረ ያንን ተጠቀምኩ።

ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። የአኮርዲዮን ምላስ ከተቀመጠበት ክፈፍ ጥቂት ከፍ ብሎ ስለሚቆም የሚንቀጠቀጠው ከአንድ አቅጣጫ ለሚመጣ አየር ብቻ ነው። ስለዚህ ለመግፋት አንድ፣ ለመሳብ ሌላ ምላስ ያስፈልጋል፤ የማይሠራውን የሚሸፍን የቆዳ ክዳንም አለ። የኬን ምላስ ግን ከዚያው ከአንዱ ስስ ብረት በሦስት ጎኑ ተቆርጦ ከክፈፉ ጋር እኩል ተኝቷል። አየር ከየትም ይምጣ ይንቀጠቀጣል፤ ተጫዋቹ ቢያስወጣም ቢያስገባም ያው ድምፅ ነው። በዚህ ምክንያት ጥሩ ኬን ነፊ ዜማው ሳይቆረጥ እንዳሻው ሊቆይ ይችላል። ብረቱ ብቻውን አይበቃም፤ ምላሱን የሚያናግረው የቱቦው የአየር ዓምድ ነው። የጣት ቀዳዳው ሲከፈት ዓምዱ ከምላሱ ጋር መስማማቱን ያቆማል፣ ምላሱም ዝም ይላል። አኮርዲዮን ይህ የለውም። በዚህ በኩል ኬን የበለጠ ረቂቅ ነው ብዬ ለመናገር አላመነታም።

ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። በነጻ የሚንቀጠቀጥ የብረት ምላስ በእስያ እጅግ ጥንታዊ ነው፤ የቻይናው ሼንግና የጃፓኑ ሾ የኬን የቅርብ ወገኖች ናቸው። በጥንቱ የቬትናም የዶንግ ሶን ባህል የነሐስ ከበሮዎች ላይ እንኳ የአፍ ኦርጋን የሚነፉ ሰዎች ተቀርጸዋል። አውሮፓውያን እነዚህን መሣሪያዎች ካወቁ በኋላ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ሙከራ ጀመሩ፤ ሲሪል ዴሚያን ቪየና ውስጥ አኮርዲዮንን በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1829 ነው። ኃይሉ መርጊያ በአኮርዲዮኑ የእኛን የቆዩ ዜማዎች ሲጫወት ስሰማ የምላሱ የዘር ግንድ ወደ ምሥራቅ እንደሚመዘዝ አላውቅም ነበር። አሁን ሳውቅ ለሁለቱም ያለኝ ፍቅር ጨመረ።

ኅዳር መጀመሪያ

ዛሬ ከፈትነው።

ጥቁሩ ሰም ኪሱት ይባላል፤ መናደፊያ ከሌላቸው ጥቃቅን ንቦች ጎጆ የሚገኝ ነው። ጣዝማ ማር ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ የእኛዋ ጣዝማ የእነዚያ ንቦች ዘመድ ናት። ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይይዛል፣ ከተራ የንብ ሰም በተለየ ግን ሙሉ በሙሉ አይደነድንም፤ እንደ ሊጥ እየተዳመጠ ደጋግሞ ያገለግላል። ሉንግ የአምፖል ሙቀት ብቻ እንድጠቀም ነገሩኝ፤ እሳት ቀርከሃውን ይሰነጥቀዋል። ሰሙ ሲላላ ቱቦውን በጣታቸው ቀስ ብለው አዙረው ሳቡት። እኔ ብስበው እሰብረው ነበር ብዬ ስለፈራሁ መብራቱን ይዤ ቆምኩ።

ቱቦው ከወጣ በኋላ ያየሁት ነገር ሥራውን በሙሉ አበራልኝ። በውጭ የሚታየው ርዝመት ድምፁን አይወስንም። በቱቦው ላይ፣ ከምላሱ በላይና በታች፣ በተጫዋቹ ዓይን በማይታይ ጎን፣ ሁለት አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ተበስተዋል። የሚሠራው የአየር ዓምድ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ቀርከሃ ለመልክና ለአያያዝ ነው። ሠሪው ቱቦዎቹን እየጎረደ የሚያምረውን ቅርጽ ያወጣል፤ ዕውቀቱን ግን ማንም በማያየው ቦታ ያስቀምጣል። የቀርከሃውን አንጓዎች በጋለ ብረት በስቶ፣ ዘንጉን በእሳት ወላፈን አቃንቶ፣ ከዚያ እነዚህን ቀዳዳዎች የሚቆርጠው በጆሮው ነው።

ከሦስቱ ዝምተኞች የሁለቱ ምላስ አረንጓዴ ዝገት ይዞታል፤ የትንፋሽ እርጥበት ሥራ ነው። የሦስተኛው ምላስ ሥሩ ላይ ተሰንጥቋል። እሱ አይድንም። አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚናገረው አራተኛው ደግሞ ምላሱ ወደ ውስጥ ስለጎበጠ ነው፤ ከክፈፉ ጋር እኩል ሲደረግ በሁለቱም በኩል መናገር ጀመረ።

ኅዳር አጋማሽ

ሁለቱን የዛጉ ምላሶች በስስ ፋይበር ብሩሽና በአልኮል አጸዳሁ። ተናገሩ። ስለዚህ ብዙ የሚባል የለም።

ለተሰነጠቀው አዲስ ምላስ እንሠራለን። የኔ ናስ ብረት ለሉንግ አልጣማቸውም፤ አንኳኩተው «ይጮኻል» አሉ። በአካባቢያቸው ሠሪዎች ለምላስ አሮጌ ሳንቲሞችን ቀጥቅጠው ያሳሱ ነበር፤ ብርና መዳብ ያለበት ቅይጥ የለሰለሰ ድምፅ ይሰጣል። የእህታቸው ልጅ ከታይላንድ ሲመለስ የተዘጋጀ የምላስ ብረትና አዲስ ኪሱት ይዞ እንዲመጣ ተልኳል። የሚገዛው ከናኮን ፓኖም ግዛት፣ ባን ታ ሩዋ ከተባለች መንደር ነው። ብዙ ቤተሰብ ኬን በመሥራት የሚተዳደርባት መንደር ናት። ናኮን ፓኖም ከተማ ከሉንግ የትውልድ ከተማ ከተካክ ፊት ለፊት፣ በወንዙ ማዶ ናት። እስኪመጣ እንጠብቃለን።

ኅዳር መጨረሻ

እየጠበቅን ስለሆነ የማስታወሻውን ገጽ ሉንግ በነገሩኝ ልሙላው።

ኬን ብቻውን ይጫወታል፤ ዋና ሥራው ግን ዘፋኝን መሸከም ነው። ዘፋኙ ሞ ላም፣ ነፊው ሞ ኬን ይባላል። በደቡብ ላኦስ ዘፈኑ ላም ሲባል በሰሜኑ ካፕ ይባላል፤ እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ መልክ አለው። የሳራቫን አለ፣ የሲፓንዶን አለ፣ በሳቫናኬት ታንግ ዋይ አለ፣ ቪየንቲያን አካባቢ ካፕ ንጉም አለ። ወንዙን ተሻግሮ ባለው ኢሳን በተባለው የታይላንድ ሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ሴትና ወንድ ሞ ላም ሌሊቱን ሙሉ በግጥም ይሟገታሉ፤ ይጠያየቃሉ፣ ይፎካከራሉ፣ ይዋደዳሉ፣ ይለያያሉ። በአዝማሪ ቤት የግጥም ምላሽ ሲወራወር ያደገ ጆሮ የዚህን ጣዕም ያውቀዋል።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ የላኦ ቋንቋ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃልን ትርጉም የሚለውጥበት ቋንቋ ነው። ስለዚህ ሞ ላሙ ዜማውን አስቀድሞ አያጠናም። የግጥሙ ቃላት ራሳቸው ዜማውን ወደ ላይና ወደ ታች ይመሩታል። አዲስ ግጥም ሲመጣ አዲስ ዜማ ይመጣል። ኬን ነፊው እንግዲህ ዜማውን ተከትሎ መድገም አይችልም፤ ገና ስላልተወለደ። የሚያደርገው ቅኝቱን መዘርጋት፣ ምቱን መያዝ፣ ዘፋኙ ሊቆምበት የሚችል መሬት ማንጠፍ ነው። ማሲንቆ ዘፋኙን እየተከተለ አብሮት ያዜማል፤ ኬን ከሥሩ ይሆናል። ሉንግ ይህን ሲነግሩኝ ሁለት ጊዜ ደጋገሙት፤ እኔም ከምላሱና ከሰሙ በላይ ከዚህ ሥራ የምፈልገው ይህን መማር እንደሆነ ገባኝ።

ስለ አንድ የድሮ ዐዋጅም አወራን። እ.ኤ.አ. በ1865 የሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) ንጉሥ ሞንግኩት የላኦ ኬን መጫወት በዝቷል፣ የሲያም ጨዋታዎች እየተረሱ ነው ብለው ከለከሉ። የንጉሡ ወንድምና ሁለተኛ ንጉሥ ፒንክላኦ ራሳቸው ኬን የሚወዱ፣ የሚነፉም ነበሩ። ዐዋጁ ኬንን አላጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ2017 የላኦ ሕዝብ የኬን ሙዚቃ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ተመዘገበ። ሉንግ በዚህ ይኮራሉ፤ ነገር ግን «ዝርዝሩ ሰም አያሞቅም» ይላሉ። ልክ ናቸው። ኬን እንዲኖር ሠሪ፣ ነፊና ዘፋኝ በአንድ ቦታ መገኘት አለባቸው። እዚህ አገር ዘፋኞችም ነፊዎችም አሉ፤ የካሊፎርኒያዋ ፍሬዝኖ ሞ ላም ካምቮንግ ኢንሲክስየንግማይ እ.ኤ.አ. በ1991፣ ኬን ነፊው ቡንሱንግ ሲናኖን ደግሞ በ2016 የአሜሪካን ብሔራዊ የቅርስ ሽልማት ተቀብለዋል። የሚጎድለው ሠሪው ነው። አንድ ምላስ ሲሰነጠቅ ኬኑ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የተሰቀለ ኬን ነፊን ያሳጣል፣ ነፊ ሲጠፋ ዘፋኙ በካሴት ላይ ይዘፍናል። ይህን ሰንሰለት በአንዲት ምላስ ቦታ መቁረጥ ይቻላል ብዬ አምናለሁ።

ታኅሣሥ፣ ከገና በፊት

ዕቃው መጣ። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ኪሱት፣ በወረቀት የታሸጉ የምላስ ብረቶችና ሁለት ትርፍ ቱቦዎች።

ምላሱን ቆረጥን። ብረቱን በለሰለሰ እንጨት ላይ አስተኝቼ በምላጭ ሹል ሦስቱን ጎን እየደጋገምኩ ጫርኩ፤ በአንድ ኃይል የተቆረጠ ምላስ ይጎብጣል። ከዚያ በቀጭን ሞረድ ማቃናት። ሕጉ ከአኮርዲዮን ጋር አንድ ነው፦ ጫፉ ሲሳሳ ድምፁ ከፍ ይላል፣ ሥሩ ሲሳሳ ድምፁ ዝቅ ይላል። በጣም ሲሳሳ ግን ድምፁ አቅም ያጣል፤ ስለዚህ ሞረዱ በተነሣ ቁጥር ማዳመጥ ይገባል።

ቱቦውን ለብቻው ለመፈተን ሉንግ ምላሱ ያለበትን ቦታ በከንፈራቸው ከበው፣ የጣት ቀዳዳውን ደፍነው፣ አየር ወደ ውስጥ ሳቡ። ድምፁ ወጣ፣ ግን ሻካራ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መለኪያ ድምፁ ትክክል ነው ይላል። እርሳቸው ደግሞ «ብረቱና ቀርከሃው አልተስማሙም» አሉ። የላይኛውን አራት ማዕዘን ቀዳዳ በጥቂት ኪሱት አጥብበው እንደገና ሳቡ። ሻካራነቱ ጠፋ፣ ድምፁ ሞላ። መለኪያው ያሳየው ለውጥ ከቁጥር የማይገባ ነበር። ከዚህ በኋላ ለመጨረሻው ማስተካከያ መለኪያውን ዘግቼዋለሁ።

በ16ቱ ቱቦዎች ላይ ያሉት ድምፆች 15 ናቸው፤ አንደኛው በሁለት ቱቦ ይደገማል፣ አንዱ በግራ እጅ፣ አንዱ በቀኝ። ከታችኛው ላ ተነሥተው ሁለት እርከን ያህል ይዘልቃሉ፦ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ከዚያም እንደገና። በግማሽ ድምፅ የሚጨመር ጥቁር ቁልፍ የሚባል ነገር የለም።

ጥር መጀመሪያ

ታኦውን ዘጋነው። አዲሱ ኪሱት በሞቀ ውኃ ላይ በሳህን ተቀምጦ ለሰለሰ፤ ሉንግ በመዳፋቸው እያድቦለቦሉ በቱቦዎቹ መካከል በአውራ ጣታቸው አስገቡት። የኔ ድርሻ ቱቦዎቹን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነበር። የሻማው ነበልባል አሁን አይንቀሳቀስም። ማሰሪያውንም በደረቅ የሣር ልጥ አድሰናል።

ለክረምቱ ኬኑ በጨርቅ ከረጢት ሳይሆን እርጥበት ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ቀዳዳ ባለው ትንሽ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አለ። ከውጭ የመጣ ቀዝቃዛ ኬን ወዲያው አይነፋም፤ የሞቀ ትንፋሽ በቀዝቃዛ ብረት ላይ ጤዛ ይሆናልና። መጀመሪያ ታኦውን በመዳፍ ማሞቅ።

ጥር መጨረሻ

ትምህርት ተጀመረ። ላኦዎች ቅኝቶቻቸውን «ላይ» ይሏቸዋል። ዋናዎቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። በአንድ ወገን ያይና ኖይ አሉ፤ ዜማቸው የሚያሳዝን፣ የሚናፍቅ ነው። በሌላው ወገን ሱትሳኔን፣ ፖ ሳይና ሶይ አሉ፤ እነዚህ ፈጣንና ብሩህ ናቸው። ሁሉም በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፦ ያይ በላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፤ ኖይ በሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፤ ሱትሳኔን በሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ። የያይና የሱትሳኔን ድምፆች አንድ ናቸው፤ መነሻቸውና ማረፊያቸው ግን ይለያያል፣ ስለዚህም ዓለማቸው ይለያያል። የእኛን ቅኝቶች የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የምጀምረው በያይ ነው። ሉንግ ሁለት የኪሱት ጠብታዎች በላና በሚ ቀዳዳዎች ላይ ለጠፉ። እነዚህ ሁለት ቱቦዎች እንግዲህ እስትንፋስ እስካለ ድረስ ዝም አይሉም። ዜማው የሚሄደው በእነርሱ ላይ ነው።

ጣቶቼ በቶሎ ተገሩ፤ ከባዱ ሳንባው ነው። ምቱን የሚሰጠው ትንፋሽ ነው፤ ወደ ውጭ፣ ወደ ውስጥ፣ በመሐል የነፊው የአፍ ምላስ የምትቆርጠው አጭር ምት። አኮርዲዮን ላይ ይህን ክንድ ይሠራዋል። እዚህ ደረት ይሠራዋል። ሉንግ በመጀመሪያ ዜማ ከለከሉኝ፦ ሁለቱን ቋሚ ድምፆች ብቻ፣ በእኩል ምት፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሩብ እስኪዞር። አሰልቺ ይመስላል፤ አይደለም። ትንፋሹ እኩል ሲሆን ሁለቱ ድምፆች መካከል ሦስተኛ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል፤ ትንፋሹ ሲናወጥ ይጠፋል። ልምምዱ የተሳካ መሆኑን የሚነግረኝ እርሱ ነው።

የካቲት

በነፍሴ ያለውን ጥያቄ መፈተን ነበረብኝ፦ ቅኝቶቻችን በኬን ላይ ይቀመጣሉ?

ሙሉው ትዝታ ያለ ችግር ይቀመጣል፤ የሱትሳኔን ድምፆች ናቸውና። ግማሹ ትዝታም በላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ይወጣል። አምባሰል ከሚ ተነሥቶ በሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ይገኛል። አንቺ ሆዬ ግን እምቢ አለ፤ የሚፈልገው ክፍተት በእነዚህ ሰባት ድምፆች ውስጥ የለም። አምባሰሉ በተለይ አስደነገጠኝ፤ በቋሚ ድምፅ ላይ ሲቆም የቤተ ክርስቲያን ግርማ ያለው ነገር ሆነ።

ሉንግ እስከ መጨረሻው አዳመጡና «ያምራል። ግን ትንፋሽህ ወደ ፒያኖ ሄደ» አሉኝ። የፈለጉት ገባኝ፤ ድምፆቹን አግኝቻለሁ እንጂ ምቱ ከደረት አልመጣም፣ ጣቶቼም አንድ አንድ ድምፅ እየለቀሙ ነበር። በኬን ዜማ ብቻውን አይሄድም፤ እያንዳንዱ የዜማ ድምፅ ጎረቤቱን ይዞ ይነሣል፣ ስምንተኛውን ወይም አምስተኛውን። ስለዚህ ትዝታንና አምባሰልን ወደ ሌላ ጊዜ አሸጋግሬ ወደ ያይ ተመለስኩ። መሣሪያው በራሱ ቋንቋ እስኪያናግረኝ ድረስ የእኔን ልጭንበት አይገባም። ይህ ለእኔ የአክብሮት ጉዳይ ነው።

ምሽት ላይ የሶምባት ሲምላን ቅጂዎች እሰማለሁ። በኢሳን ካለችው ማሃ ሳራካም የሆኑ ዓይነ ስውር ኬን ነፊ ናቸው። ባቡር በኬን ይነዳሉ፦ ከጣቢያው ሲነሣ፣ ሲፈጥን፣ ፉጨቱ፣ የሐዲዱ ምት፣ ሁሉም በአንድ አፍ። እንዲህ ያለው የባቡር ጨዋታ በኢሳን የታወቀ የነፊዎች መፈተኛ ነው፤ አበባ የምትዞር ንብንም፣ ዳገት የሚወጡ ከብቶችንም የሚሥሉ ጨዋታዎች አሉ። ሰው በእነዚህ ይደነቃል፣ ይገባዋልም። እኔን የያዘኝ ግን በፍጥነቱ ሁሉ ውስጥ ቋሚዎቹ ድምፆች ለአንዲት ቅጽበት እንኳ አለመናወጣቸው ነው።

መጋቢት

በኢሳን ካለችው ከኡቦን አካባቢ የመጡ ሴት ሞ ላም እዚህ እንዳሉ ሰማንና ሉንግ ለመኗቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ መጡ፤ ተጣባቂ ሩዝና በቃሪያ የተወቀጠ ጥሬ ፓፓያ ይዘው። ልምምዱ ከምሳ በኋላ ነበር።

የሚዘፍኑት ዝግ ያለውንና ሌሊቱ ሲገባደድ የሚመጣውን የመለያየት ዘፈን ነው፤ ለእርሱ እንደ ዘፋኙ የድምፅ ከፍታ ያይ ወይም ኖይ ይመረጣል። ለሴትዮዋ ያይ ተስማማ። መጀመሪያ ሉንግ ነፉላቸው። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ጠበቁ፤ አንድ ረጅም የኀዘን ጥሪ አሰሙ፤ ከዚያ ቃላቱ መፍሰስ ጀመሩ። ሉንግ ዜማ ቀነሱ። ቃሉ ሲበዛ ኬኑ ይሳሳል፤ ዘፋኟ ስትተነፍስ ኬኑ ይሞላል። አንድም ጊዜ አልተያዩም።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። የተማርኳቸውን ውብ ሐረጎች ሁሉ ወደ ጎን ትቼ ቋሚ ድምፆቹንና ምቱን ብቻ ያዝኩ። ሴትዮዋ ዘፈኑ። ቃሉን አልሰማውም፤ ቋንቋውን አልችልምና፤ ትንፋሻቸውን ግን እሰማዋለሁ። በሐረግ መጨረሻ ድምፃቸው ላ ላይ ሲያርፍ ሁለት ድምፅ ጨመርኩ፣ እንደገና ሲነሡ ተውኩት። ሲጨርሱ ለሉንግ አንድ ነገር ተናገሩ። ሉንግ ተረጎሙልኝ፦ «ቦታ ይሰጣል» ብለዋል። ከዚህ የበለጠ ምስጋና አልፈልግም።

እርማትም ነበራቸው። ዘፋኝ ከመጀመሩ በፊት ነፊው ቅኝቱን በደንብ ዘርግቶ መክፈት አለበት፤ እኔ ቸኩያለሁ አሉ። መክፈቻው አጭር ከሆነ ሞ ላሙ መነሻ ድምፁን በልቡ አያደላድልም። ስለዚህ አሁን የምለማመደው መክፈቻዎችን ነው፤ ያይን ከላይኛው ላ አንሥቶ፣ እየወረደ፣ በታችኛው የሚያሳርፍ መክፈቻ።

አዲሷ ምላስ ጤነኛ ናት። የአየሩ ድርቀት ግን አንደኛውን ትርፍ ቱቦ ሰንጥቆታል፤ በሐር ክርና በኪሱት ተጠቅልሏል።

ሚያዝያ 8

የላኦ አዲስ ዓመት ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በቤተ መቅደሱ ግቢ ሕዝቡ ውኃ እየተረጫጨ፣ የቡድሃ ምስሎች በአበባ ውኃ እየታጠቡ ነበር። በትልቁ መድረክ ኪቦርድና ኤሌክትሪክ ጊታር ያለው ቡድን ይጫወት ነበር፤ ዘመናዊው ላም እንዲህ ነው፣ ወጣቶቹም ይወዱታል። ኬን በእርሱም ውስጥ አለ፤ ማጉያው ቢበዛም ድምፁ ተለይቶ ይወጣል።

የእኛ ድርሻ በጥላው ሥር፣ ምንጣፍ ላይ፣ ያለ ማጉያ ነበር። ሉንግ በተጠገነው ኬናቸው ነፉ፣ ሞ ላሟ ዘፈኑ። እኔ ከሴትዮዋ ጋር አንድ ጊዜ በያይ ነፋሁ፤ መክፈቻውን ሳልቸኩል አረዘምኩት። ከዚያ አንድ የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ መጥቶ ኬኑን መንካት ፈለገ። ሉንግ አልከለከሉትም፤ ጣቱን ቀዳዳው ላይ አስቀምጠው «ንፋ» አሉት። ሲነፋም ሲስብም ያው ድምፅ መውጣቱን ሲያይ መላልሶ ሞከረው። ቤተሰቡ ቤት ግድግዳ ላይ የአያቱ ኬን ተሰቅሏል፣ ግማሹ አይናገርም አለን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያመጣዋል።

የሚቀጥሉት ሥራዎች፦ የልጁን ኬን መመርመር፤ ምናልባት ምላሶቹ ዝገው ብቻ ይሆናል። ከባን ታ ሩዋ ሁለተኛ ዙር ኪሱትና የምላስ ብረት ማዘዝ፤ በዚህኛው ለሦስት ኬን የሚበቃ። ለእኔ ደግሞ ሉንግ ሱትሳኔንን ፈቅደዋል፤ ሁለቱን የኪሱት ጠብታዎች አንሥተን ለእርሱ ወደሚሆኑት ቀዳዳዎች እናዛውራለን። ፈጣን ስለሆነ ሳንባው እንደገና ከሥር ይጀምራል፣ በቋሚዎቹ ድምፆች ብቻ።